የማን ሀገር ዳቦ ነው?

ባለፈው ዓመት የዒድ አልፈጥር ዕለት፣ ከሰላት መልስ፣ ደሴ በሚገኘው የቤተሰባችን ቤት ተሰብስበን ነበር። እንደ ወጉ ቡናው ተቆልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ ትኩሳቱ ሳይበርድ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከዳቦው አጠገብ በሰፊ ትሪ የተደረደሩ፣ በሁለት ጉርሻ የሚያልቁ፣ ጀርባቸው ላይ የአበባ ቅርጽ የታተመባቸው ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። ከፊሎቹ ላይ የተፈጨ ነጭ ስኳር ተነስንሷል። ከቤሩት የተመለሰችው የአክስታችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራቸው አድራ ነው።

አያታችን አንዱን አንሥተው ገለባብጠው አዩትና «ይሄ ደግሞ የማን ሀገር ዳቦ ነው?» አሉ። በአነጋገራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ሞላ። ከወጣቶቹ አንዱ «የዓረብ ነው» ሲል ሌላው ቀበል አድርጎ «እንግዲህ በዳቦም ዓረብ ልንሆን ነው?» አለ። ልጅቱ ምንም አልመለሰችም። ትንሽ ቆይታ የቡና ስኒ የምታነሣ መስላ ወደ ጓዳ ገባች። ትሪው ላይ ካለው የተነካው ከሩቡ አይበልጥም ነበር።

እኛ ባልና ሚስት ያን ቀን ዝም አልን። ዝም ማለት ግን አልነበረብንም። ያ የአበባ ቅርጽ የታተመበት ዳቦ የማን ሀገር እንደሆነ በመጠኑም ቢሆን የምናውቅ ሰዎች ነን። በሥራና በዘመድ ጥየቃ ምክንያት ባለፉት ዓመታት በተለያዩ ሀገሮች የረመዷንን መጨረሻ አሳልፈናል፤ በሄድንበት ሁሉ ደግሞ የዒድ ዳቦ ቀምሰናል። በዚህ ገጽ ላይ ይህን የምንጽፈው ያኔ ያልተናገርነውን ዘንድሮ ዒድ ከመድረሱ በፊት ለመናገር ነው። በብዙ የሙስሊም ቤቶች ተመሳሳይ ትሪ እየቀረበ፣ ተመሳሳይ ጥያቄም እየተነሣ እንደሆነ እንገምታለን።

መጀመሪያ የቀመስነው ካይሮ ነው። ረመዷን ሊጠናቀቅ ሳምንት ሲቀረው ሰይዳ ዘይነብ በሚባለው ሰፈር አንድ የቆየ ወዳጃችን ቤት አረፍን። አንድ ምሽት ከተራዊህ ስንመለስ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀን። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ ተነጥፏል፤ በትልቅ ጎድጓዳ ሳሕን ዱቄት በሞቀ ቅቤ ይታሻል፤ አያት፣ ምራት፣ የልጅ ልጆችና ከላይኛው ፎቅ የወረዱ ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ካህክ እየተሠራ ነበር። ዱቄቱ ውስጥ ሰሊጥ፣ ትንሽ እርሾና «የካህክ ሽታ» ብለው የሚጠሩት የቅመም ድብልቅ ይገባል። በዚያ ድብልቅ ውስጥ ማህለብ አለ፤ ማህለብ ከዱር ቼሪ ፍሬ አስኳል ተፈልፍሎ የሚፈጭ፣ ሽታው መራራም ጣፋጭም የሆነ ነገር ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ የሚጨምሩም አሉ። ውስጡ ቴምር ሊሆን ይችላል፤ በማርና በቅቤ የበሰለ፣ «አገሚያ» የሚሉት የሚጎተት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። ባዶውን የሚመርጡት አያቲቱ ናቸው፤ «ዱቄቱ ጥሩ ከሆነ ለምን ይደበቃል?» ይላሉ። ጀርባውን ወረንጦ በሚመስል ጥርሳም መቆንጠጫ እየቆነጠጡ ያስጌጡታል። ከተጋገረና ከበረደ በኋላ ስኳር ውስጥ ይቀብሩታል ማለት ይቀላል። ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው እንዳይነካው እንመክራለን፤ ከእኛ አንዳችን ተምረንበታል።

ግብፆች ይህን ዳቦ በቀላሉ አያዩትም፤ ታሪክ አለው። የፋጢሚዮች መንግሥት ለዒድ የሚከፋፈለውን ጣፋጭና ካህክ የሚያዘጋጅ «ዳር አልፊጥራ» የተባለ የራሱ ቤት ነበረው። ከእነርሱም በፊት በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡበክር አልማዘራኢ የተባለው ሚኒስትር ካህኩ ውስጥ የወርቅ ዲናር እያስቀበረ ለእንግዶቹ ያቀርብ እንደነበር የግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በጥንት ጊዜ የካህክ ማተሚያዎች ላይ ይቀረጹ ከነበሩት ቃላት አንዱ ደግሞ «ብላና አመስግን» የሚል ነው። ወርቅ ከመቅበር ይልቅ ይህ ቃል ለእኛ ቤት የሚስማማ መሰለን።

ካርቱም የደረስነው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ነበር። በሱዳን የዒዱ ዳቦ ካዕክ ይባላል፤ ከብስኩቱና ከሌሎቹ ጋር ሲጠቃለል ደግሞ «ኸቢዝ» ይሉታል። እዚያ ያስደነቀን ከጣዕሙ ይልቅ መንገዱ ነው። ቤት ውስጥ በቂ ምድጃ ስለሌለ ቤተሰቡ በትሪ የደረደረውን ጥሬ ካዕክ ወደ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ይወስዳል። በረመዷን የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ጎረምሶች ትሪ በራሳቸው ተሸክመው በየመንገዱ ይተላለፋሉ፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የማን ትሪ የማን እንደሆነ ክርክር አይጠፋም። የአንዱ ቤት ትሪ ከሌላው ቤት ጋር ተለዋውጦ ቢሄድ እንኳ ሰው ብዙም አይከፋም፤ «የእነ እገሌን ካዕክ ቀመስን» ይባላል። ልጆች አንዱን ከምድጃ እንደወጣ ሰርቀው ምላሳቸውን ሲያቃጥሉ አይተናል።

ያ ጦርነት የጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በሂጅራ አቆጣጠር ረመዷን 24 ቀን ነበር። ቀኑን ስንሰማ መጀመሪያ ወደ አእምሯችን የመጣው ያ ዳቦ ቤት ነው፤ ትሪዎቹ ወደ ምድጃ የሚሄዱበት ሳምንት ነበርና። በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን ከገቡት እናቶች መካከል ሊጡን አቡክተው ሳይጋግሩት የወጡ እንዳሉ አንጠራጠርም። ዛሬ ጎረቤታችሁ የሱዳን ቤተሰብ ካለ፣ ለዒድ አንድ ሰዓት ምድጃችሁን ማበደር ከምታስቡት በላይ ትልቅ ነገር ነው።

አማን ላይ ዳቦው ስሙን ለውጦ መዓሙል ሆነ። ቃሉ በዓረብኛ «የተሠራ» እንደማለት ነው። የአያታችንን ጥያቄ ያስነሣው ይኸው ነው። እንደ ካይሮው በዱቄት ብቻ አይሠራም፤ ሰሞሊና የሚሉት፣ እኛ ፓስታ የሚሠራበት ብለን የምናውቀው ሸካራው የስንዴ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ሌሊቱን ያድራል። በማግስቱ የብርቱካን አበባ ውሃ ወይም የጽጌረዳ ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ ሙሌቱ ተከቶ ተድቦልቡሎ ከእንጨት በተቀረጸ ማንኪያ መሰል ማተሚያ ውስጥ ይጫናል፤ የማተሚያው ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ሲመታ አበባው የታተመበት መዓሙል ቱብ ብሎ ይወድቃል። የማተሚያዎቹ ቅርጽ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ክቡ ጠፍጣፋው ቴምር፣ ጉልላት የሚመስለው ዋልነት፣ ሞላላው ደግሞ ፒስታቺዮ አለበት ማለት ነው። እንግዳ ሳይጠይቅ የሚወደውን ያነሣል። ስኳርም የሚነሰነሰው በአብዛኛው ለውዝ ነክ በሆኑት ላይ ነው፤ ቴምር የራሱ ስኳር አለውና።

እዚያው አማን ውስጥ ከባግዳድ ተሰደው የመጡ ጎረቤቶች ክሌቻ አቀረቡልን። የኢራቆች የዒድ ዳቦ ነው። ሊጡ እንደ ጨርቅ ይዳመጥና ሄል የተጨመረበት የቴምር ልንቁጥ ይቀባል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ በስሱ ይቆረጣል፤ ስታዩት ቀንድ አውጣ ይመስላል። አንዱን ስንገምጥ ተያየን። ጥቁር አዝሙድ አለበት! ድፎ ዳቦ ላይ እናታችን የምትነሰንሰው ጥቁር አዝሙድ። ባለቤቲቱ «ሐበቱ በረካ» ብላ ስትነግረን፣ እኛም ቤት እንዲሁ እንደሚደረግ ስንነግራት፣ ከእኛ ይልቅ የተደሰተችው እርሷ ናት። «እንግዲያው የዒድ ዳቧችሁ ክሌቻ ነው» አለችን። «አይ፣ የእናንተ ክሌቻ ድፎ ነው» ብለን መለስንላት።

ወደ ሳዑዲው ቀሲም ግዛት ብትሄዱ ደግሞ ክሌጃ የሚባል አለ፤ ስሙ የኢራቁን ይመስላል፣ ዳቦው ግን ሌላ ነው። ቡሬይዳ ይሠራ የነበረ ዘመዳችን በሻንጣ ጭኖ አምጥቶልን ነው የቀመስነው። ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ሽታው የደረቀ ሎሚ የሚመስል። በውሃ ጥም የሚበላ አይደለም፤ ከቡና ጋር ግን ምስክር አያሻውም።

እንግዲህ ከነዚህ ሁሉ ያየነው አንድ ነገር ነው። የትኛውም ከተማ የሌላውን አልገለበጠም። ስንዴው ሸካራ የሆነበት በሸካራው፣ ሰሊጥ ያለው በሰሊጥ፣ ፒስታቺዮ የሚያበቅለው በፒስታቺዮ ሠራው። ሁሉም የራሱ ትክክለኛው እንደሆነ ይምላል፤ የሌላውን ግን «ይሄ የማን ነው?» ብሎ አይመልስም፤ ይቀምስና «የኛው ይሻላል» ይላል። ለእንግዳ ምግብ የሚበቃው ክብር ይኸው ነው። ሊባኖስ ውስጥ መዓሙሉን ሙስሊሙ ለዒድ፣ ክርስቲያኑ ለትንሣኤ ይሠራዋል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይላላካል። ዳቦው ሃይማኖት አይደለም። ዓዳ ነው፤ ልማድ ነው።

ሃይማኖቱን የሚነካው ውስጡ ያለችው ቴምር ናት ብንል ያስኬደናል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዒድ አልፈጥር ጠዋት ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቴምር ሳይበሉ ወደ ሰላት እንደማይወጡ በሐዲስ ተዘግቧል። ዘካተል ፊጥርም በዘመናቸው ይሰጥ ከነበረባቸው እህሎች አንዱ ቴምር ነበር። ሠላሳ ቀን ቴምር ያፈጠርንበት አፍ የዒድ ቀን ቴምርን በሊጥ ተጠቅልላ ቢያገኛት እንግዳ አትሆንበትም። ስለዚህ «በዳቦም ዓረብ ልንሆን ነው?» ለሚለው ወጣት መልሳችን፦ ቴምሩን በየቀኑ ስትበላ ዓረብ ሆንክ ያለህ አለ ወይ?

ሥጋቱን ግን ንቀን አናልፈውም። እውነት አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ለዒድ የድፎ ዳቦ ሽታ የማይሸትባቸው ቤቶች በዝተዋል። በዒድ ዋዜማ ኬክ ቤቶች በር ላይ የሚታየው ሰልፍ የቶርታ ነው፤ በካርቶን ታስሮ፣ ላዩ ላይ ዒድ ሙባረክ ተጽፎበት ይገባል። ሥራ የሚበዛበት ቤተሰብ ቶርታ ገዛ ብለን አንፈርድም። እንግዳ የሆነብን፣ ለቶርታው «የማን ሀገር ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። ክሬሙ ከየት እንደመጣ ማንም አይመረምርም። ምርመራው የሚጀምረው ከመካከላችን አንዷ በእጇ ሠርታ ስታመጣ ነው። ይህ ለምን ሆነ ብለን ራሳችንን ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ስለ ቤሩት የምንናገረውም ለዚህ ነው። እዚያ በሄድንበት ጊዜ መዓሙሉን ከሱቅ ገዝተን ቀመስን፤ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ለዒድና ለትንሣኤ በየቤቱ የሚሠራውን መዓሙል ማን እንደሚሠራው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በእረፍት ቀናቸው ያገኘናቸው የሀገራችን ልጆች ናቸው የነገሩን። ስለ መዓሙል ስናነሣባቸው ሁሉም እጃቸውን በአየር ላይ አንሥተው ማተሚያ የሚመቱ መስለው አሳዩን፤ ተሳሳቁ። አንዷ ዋልነቱ ምን ያህል ደቅቆ መቀጥቀጥ እንዳለበት ስታስረዳን እንደ አስተማሪ ነበረች።

የአክስታችን ልጅ ቤሩት የቆየችው ዘጠኝ ዓመት ነው። በየዓመቱ በረመዷን የመጨረሻ ሳምንት፣ ጾሟን ይዛ፣ በአሠሪዎቿ ቤት በመቶ የሚቆጠር መዓሙል ትሠራ ነበር። እመቤቲቱ ከጎኗ ተቀምጠው ሙሌቱን ያድቦለብላሉ፤ ማተሙ የእርሷ ነው፤ መጋገሩ የእርሷ ነው፤ በዒድ ቀን ለእንግዳ ማቅረቡም የእርሷ ነው። «ትበዪ ነበር ወይ?» ብለን ጠይቀናት እናውቃለን። «የተሰበረው የኔ ነበር» አለችን። ቅሬታ ባለበት ድምፅ አልነበረም፤ እንደ ደንብ ነው የነገረችን። ከፋላ በሚሉት ሥርዓት ውስጥ የሚኖር ሰው ብዙ ነገር እንደ ደንብ መናገር ይለምዳል። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የቤሩት ወደብ ፈንድቶ ከተማው ሲናወጥ፣ ያልተከፈላት ደመወዝ እንደተያዘ ተመለሰች። በሻንጣዋ ውስጥ ከልብስ ሌላ የነበረው ዕቃ ጥቂት ነው። ከመካከሉ ያቺ የእንጨት ማተሚያ ነበረች፤ ከገበያ በራሷ ገንዘብ የገዛቻት።

እንግዲህ ያን ቀን ደሴ ላይ ትሪውን ስታቀርብ፣ መዓሙልን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ሰዎች መሥራቷ ነበር። ያልተሰበረውን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ልትበላ ነበር። እኛ ደግሞ የዓረብ ነው አልን።

የዓረብ አገር ደርሰው የሚመለሱ እኅቶቻችን ምን ይዘው እንደመጡ ስንጠይቅ የምንጠይቀው ገንዘቡን ነው። ቤት ሠራች? ወርቅ አመጣች? ባዶ እጇን ከመጣች እናዝንላታለን፤ ካዘንንላት በኋላ እንረሳታለን። በእጇ ውስጥ ያለውን ሙያ ግን አንቆጥረውም። ያ ሙያ በብዙ ድካም የተከፈለበት ነው፤ ትምህርት ቤት ገብታ የተማረችው ቢሆን የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ በሰቀልንላት ነበር። ለዒድ ትሪ ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ሠራው?» ቢሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላም ያልተመቸን ነገር አለ። ልጅቱ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ነበረች። ካይሮ ጠረጴዛው ዙሪያ ስምንት ሰው ነበር፤ ካርቱም ወንዶቹ ትሪ ተሸካሚዎች ነበሩ። በእኛ ቤት ግን የዒድ ዋዜማ ሌሊት ብዙ ጊዜ የአንዲት ሴት ሌሊት ነው። ድፎውም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ሊጡን የምታቦካው፣ ኮባውን የምታለበልበው፣ እሳቱን የምትጠብቀው አንዲት እናት ናት፤ ጠዋት ሰላት ስንሄድ ደክሟት የምትቀረውም እርሷ ናት። መዓሙል ቢያንስ ይህን ልማድ የሚሰብር ጸባይ አለው፤ ቁጥሩ ብዙ፣ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ልጅም አባወራም እጁን ሊያስገባበት ይችላል። የአምስት ዓመት ልጅ ድፎ አይጋግርም፤ ማተሚያ መምታት ግን ማን እንደ እርሱ!

ይህን የምንለው ሞክረነው ነው። ከዒዱ በኋላ ጥፋታችን ከንክኖን ልጅቱን አዲስ አበባ ጋብዘን እንድታስተምረን ለመንናት። እስክትመጣ አልታገሥንምና ለብቻችን ጀመርነው። ሰሞሊናውን ገዛን፤ ቴምሩን ፈለፈልን፤ ቅቤ ሲባል ግን ቤት ካለው ንጥር ቅቤ ጨለፍን። ኮሰረቱና ኮረሪማው ከነክብሩ ያለበት ቅቤ ነው። ምድጃው ሲከፈት ቤቱን የሞላው ሽታ የዒድ ጣፋጭ ሽታ ሳይሆን የዶሮ ወጥ ሽታ ሆነ። ልጆቻችን እንጀራ አምጡ ብለው አላገጡብን። ለአያታችን በስልክ ስንነግራቸው ሳቃቸው አላቋርጥ ብሎ ስልኩን ለሌላ ሰው ሰጡት።

ልጅቱ መጥታ ያሳየችን እንዲህ ነው። ለግማሽ ኪሎ ሰሞሊና ሩብ ኪሎ ቅቤ፤ ቅመም ያልገባበት፣ ቀልጦ አተላው የቀረ። ሁለቱን በመዳፍ እያሹ ዱቄቱ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ማዋሃድ፣ ከዚያ ሸፍኖ ማሳደር። ይህ ማደር አይዘለልም፤ ሸካራው ዱቄት ቅቤውን የሚጠጣው ሌሊት ነው። ጠዋት ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ የቡና ስኒ የማይሞላ የጽጌረዳ ውሃ፣ ካልተገኘም ሞቅ ያለ ወተት ጠብ እያደረጉ በጣት ጫፍ ማያያዝ እንጂ እንደ ዳቦ ሊጥ አለማቡካት። ከተቦካ ይደርቃል። ቴምሩን ፍሬውን አውጥቶ በትንሽ ቅቤ እሳት ላይ ማላላት፤ ሄል ወይም ቀረፋ ቆንጠር ማድረግ። ዋልነትና ፒስታቺዮ ኪስ ይጎዳሉ፤ እርሷ የተቆላ ኦቾሎኒ ከስኳር ጋር ወቅጣ ትሞላበታለች፤ ከኦቾሎኒው ጋር ሰሊጥም ትቀላቅላለች። ማተሚያ የሌለው ሰው በሹካ ጀርባ ቢጫነው በቂ ነው፤ ጣውላ የሚቀርጽ ባለሙያ በአቅራቢያው ያለ ደግሞ ቢያስቀርጽ አይከብደውም። በጋለ ምድጃ ውስጥ ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። ሥሩ ወርቅማ ሲሆን ይወጣል፤ ላዩ ነጣ እንዳለ ይቀራል። ትኩሱን መንካት ክልክል ነው፤ ይፈረፈራል። ስኳሩም የሚነሰነሰው ሲበርድ ነው።

መስተካ የሚጨምሩም አሉ፤ ከዛፍ የሚንጠባጠብ ሙጫ ነው። የእኛ «ማስቲካ» የሚለው ቃል ከዚያ ቤተሰብ የመጣ ነው። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ መዓሙሉን ማኘክ ብቻ ሳይሆን ለማስነፋትም ሞከሩ።

ያን ዕለት ልጅቱ ጠረጴዛው ራስጌ ላይ ቆማ ታዝዛለች፤ ባልየው ቴምር ያድቦለብላል፤ ልጆቹ ማተሚያውን በተራ ይመታሉ። ከተሰበሩት አንዱን በልማድ ስታነሣ ትልቋ ልጃችን ከእጇ ቀምታ «እትዬ፣ ይሄ የኔ ነው፣ አንቺ ይሄን ብዪ» ብላ አበባው ሙሉ የሆነውን ሰጠቻት። ልጅቱ ስለ ቤሩት ለልጃችን የነገረቻት ነገር የለም።

ሌላውን ለየቤቱ እንተዋለን። ድፎው ይቅር አንልም፤ በእኛ ቤት አይቀርም። መዓሙሉም ለሁሉም ግድ ነው አንልም። ከጂዳ፣ ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ ከቤሩት የተመለሰች እኅት፣ የአጎት ልጅ፣ ጎረቤት ያለው ቤተሰብ ግን ቀኑ ሳይደርስ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ደስ ይለናል፦ «እዚያ ለዒድ ምን ትሠሪ ነበር?» መልሱ ክሌጃ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ እኛ ያልቀመስነውም ሊሆን ይችላል። ቴምር በረመዷን ዋጋው ይንራል፤ ሰሞሊናም እንደዚያው። ስለዚህ ብዙ መሥራት ሳይሆን ትንሽ ሠርቶ ለጎረቤት ጭምር በሳሕን ማላክ ይሻላል። ዘካተል ፊጥሩ ግን ይቅደም፤ ከሰላት በፊት ለባለመብቱ ይድረስ። ጣፋጩ ከእርሱ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አያታችን ደወሉ። ለሰላምታ ነበር፤ ስለ ጾሙ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ደሴ ብርድ ተጫወትን። ስልኩ ሊዘጋ ሲል «ያቺ ልጅ የአበባ እንጨቷን ይዛ ከዒድ ሁለት ቀን ቀድማ ትምጣ፤ ቴምሩን እኔ እፈለፍላለሁ» አሉን። ትንሽ ዝም ብለው ጨመሩበት፦ «ኮሰረት ያልነካው ቅቤም ለብቻው አስቀምጬላታለሁ በሏት።»